ንግግር የሚሰማበት ሳውንድባር፦ ያማሃ ኤስአር-ሲ20ኤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን

ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረዘም ያለ ስፒከር፣ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ዋት እንደሆነ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ ይቅደም ባይ ነኝ፦ ድምፁ ዝቅ ባለበት ሰዓት የዜና አንባቢዋ ንግግር ቃል ሳይጎድልበት ሶፋው ጥግ ድረስ ይደርሳል ወይ? ገበያውን የዞርኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው፤ ዛሬ ብፌያችን ላይ የተቀመጠው ያማሃ ኤስአር-ሲ20ኤ የተመረጠውም በዚሁ ፈተና ነው። ከእሱ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው አሉ፤ በዋጋም የሚረክሱ አሉ። ለእናቴ ጆሮና ለጀሞው ኮንዶሚኒየም ሳሎናችን ግን ከእሱ የበለጠ የሚስማማ አላገኘሁም።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ድምፅ ሞገድ በክፍል ውስጥ የማስተምረው ሁሉ በዚህ ግዢ ላይ ጠቅሞኛል፤ ስለዚህ ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት የችግሩን ምንጭ ልናገር።

የድሮዎቹ ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥኖች ስፒከራቸው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተመልካቹ የዞረ ነበር፤ ከኋላውም አየር የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ሳጥን ነበራቸው። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ቀጠነ። ስፒከሩም አብሮ ቀጠነና ቦታ ሲያጣ ከሥር ወደ ጠረጴዛው ወይም ከኋላ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡት ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ያሉት 10 ዋት 10 ዋት የሆኑ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ናቸው። 20 ዋት ለአንድ ሳሎን ጥቂት አይደለም። ችግሩ አቅጣጫው ነው። ድምፁ ወደ እኛ የሚመጣው ብፌውንና ግድግዳውን መትቶ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ድምፅን መልሶ ይወረውራል። አንድ ቃል ከተለያየ አቅጣጫ፣ በጥቂቱ እየዘገየ ሲደርስ ቀጣዩን ቃል ይሸፍነዋል።

እናቴ «ጨምሪው እንጂ ልጄ» ትለኛለች። እጨምራለሁ። «አሁን ይጮኻል እንጂ አይሰማም» ትላለች። ይህ አባባሏ በሳይንስም ትክክል ነው። የንግግር ጉልበት በአብዛኛው ያለው በአናባቢዎቹ ላይ ነው፤ እነሱም ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ ይገኛሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ይበልጡን ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልልና ከዚያ በላይ ናቸው፤ እነ ሰ፣ ሸ እና ፈ በጣም ከፍ ይላሉ። ዕድሜ ከጆሮ ላይ አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ከፍተኛውን ክልል ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ በጅምላ ስንጨምር የሙዚቃው ጉምጉምታና አናባቢው አብረው ያድጋሉ፤ ተነባቢው ግን እንደተሸፈነ ይቀራል። በአማርኛ ይህ ይበልጥ ይጎዳል፤ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ የሚለየው በቅጽበታዊ ፍንዳታው ነውና። ፍንዳታው ሲደበዝዝ ሰሚው ከአሳቡ ተነሥቶ ይገምታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲገምት የሚውል ሰው ደግሞ ይደክማል። እናቴ ተከታታይ ድራማዋን መካከል ላይ ትታ ትተኛ የነበረው ታሪኩ ሰልችቷት ሳይሆን ደክሟት ነው።

ስለዚህ የምፈልገው የንግግሩን ክልል ወደ ፊት የሚያወጣ፣ ፊት ለፊት የሚናገር፣ በትንሽ ድምፅም የሚብራራ ዕቃ ነበር።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ክፈቱና «ሙዚቃ» ወይም «ሲኒማ» ላይ ከሆነ «ስታንዳርድ» ላይ አድርጉት፤ ኤልጂ ላይ ንግግርን የሚያጎላ «ክሊር ቮይስ» የሚል ምርጫ አለ። ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ዝቅ፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ጥቂት ከፍ አድርጉ። ይህ የሚበቃው ቤት አለ። ለእኛ አልበቃንም።

መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሳውንድባር እንዴት እንደሚሸጥ ያውቃል። ሻጩ ስልኩን በብሉቱዝ ያገናኛል፣ ቤዝ የሞላበት ዘፈን ይከፍታል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይሰቅላል። ደረት ይመታል፤ መስታወት ይንቀጠቀጣል። «እህቴ፣ ይህን ይስሙት!» ይላል። በእንዲህ ዓይነት ጩኸት መካከል ሁሉም ሳውንድባር ጥሩ ነው፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይቀበላልና። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ አንዱ በጥቂቱ ቢጮኽ፣ ጥራቱ ያነሰ ቢሆን እንኳ ያንኑ ትመርጣላችሁ። ስለዚህ የሁለቱን ድምፅ ማመጣጠን የመጀመሪያው ሥራ ነው።

እኔ ስልኬ ላይ የራሴን ፈተና ይዤ ሄድኩ። በሴት ድምፅ የተነበበ ዜና፣ በወንድ ድምፅ የተነበበ ዜና፣ ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ የሚፈስበት የትርጉም ድራማ፣ ክራር፣ በመጨረሻም በገና። በገናውን ለእናቴ ብቻ ብዬ አይደለም የጨመርኩት። 10 አውታር ያለው በገና ወፍራም ድምፁ ከሥር፣ ከአውታሩና ከድልድዩ መካከል የሚገቡት እንዚራዎች የሚሰጡት ነዘርታ ከላይ ይሰማል፤ በዚያ ላይ የዘማሪው ድምፅ ዝግ ብሎ ይናገራል። ደካማ ስፒከር ላይ ነዘርታው ይንኮሻኮሻል ወይም ይጠፋል፤ ቤዝ የበዛበት ስፒከር ላይ ደግሞ ዘማሪው የሚለው ይዋጣል። አንድ ዕቃ በገናን በሥርዓት ካሰማ ንግግርን ያሰማል። ለሻጮቹ «ድምፁን ቤት ውስጥ ማታ በምንሰማበት ልክ አድርጉልኝ» ብዬ ጠየቅሁ። አንዳንዱ ፊቱ ጠቆረ፤ አንድ ወጣት ግን ወንበር ስቦልኝ ከእኔ እኩል አዳመጠ፣ ኋላም ለሌሎች ደንበኞቹ ዜናውን ላኪልኝ አለኝ። ከእሱ ነው የገዛሁት። ዕቃውን ከካርቶን ሳያወጡ ሽጠው ደረሰኝ ላለመስጠት የሚከራከሩ ሱቆችም ገጥመውኛል፤ የዋስትና ጉዳይ ሲነሣ «እኛ አለን አይደል እንዴ» ይላሉ። ከእነሱ አልገዛሁም፤ ማንም እንዲገዛ አልመክርም።

የዋት ነገር ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞኘው በዚህ ነው። ስም የሌላቸው ሳውንድባሮች ካርቶን ላይ 1,000 ዋት፣ 2,000 ዋት ተጽፎ ታያላችሁ። ዕቃውን ገልብጡና ከጀርባው ያለውን የኃይል ፍጆታ አንብቡ፤ 30 ዋት ይላል። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም። የታወቁ አምራቾችም ቢሆኑ በካርቶኑ ላይ የሚያስቀምጡት ለአጭር ቅጽበት የሚደረስበትን ከፍተኛ መጠን ነው፤ ከጀርባ ያለው ደግሞ አማካይ ፍጆታ ነው፤ በሁለቱ መካከል የጥቂት እጥፍ ልዩነት ቢኖር አያስደንግጥም። የሠላሳ እጥፍ ልዩነት ግን ውሸት ነው። «ፒኤምፒኦ» (PMPO፣ ለቅጽበት ብቻ ይደረስበታል የሚባል ጉልበት) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ቁጥሩን አትቁጠሩት። የገዛሁት ያማሃ በአምራቹ ቃል 100 ዋት ነው፤ እኛ ማታ ዜና ስንሰማ ከዚህ የምንጠቀመው ከጥቂት ዋት አይበልጥም።

ከእሱ ጋር ያነጻጸርኳቸውን በአጭሩ ልጥቀስ። ሶኒ ኤችቲ-ኤስ20አር ባለ 5.1 ቻናል፣ 400 ዋት ነው። ከፊት ሳውንድባር፣ ከጎን ሰብዉፈር (ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ስፒከር)፣ ከኋላ ሁለት ስፒከሮች አሉት። ፊልም በብዛት ለሚያይ፣ ሰፊ ሳሎን ላለው ቤተሰብ ጠንካራ ምርጫ ነው። ነገር ግን የኋላዎቹ ስፒከሮች በገመድ ነው የሚገናኙት፤ እኛ ቤት ገመዱ ከበሩ ሥር ወይም ከምንጣፉ በታች ማለፍ ነበረበት፤ እናቴ በምትራመድበት ወለል ላይ ገመድ አላነጥፍም። ጄቢኤል ባር 2.1 ዲፕ ቤዝ 300 ዋትና ባለ 6.5 ኢንች ገመድ አልባ ሰብዉፈር አለው። ሙዚቃ ላይ ደስ ይላል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን የሰብዉፈር ነገር በደንብ ይታሰብበት፤ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ግድግዳና ወለል አያግደውም፣ ከሥራችን ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሕፃን አለው። ግቢ ቤት ቢኖረኝ ምርጫዬ ሊለወጥ ይችል ነበር። የሻኦሚ ባለ 30 ዋቱ ሳውንድባር 83 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በዋጋ ቀላል ነው፤ ግን ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያስተላልፈው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የለውም። ይህ ለምን ከፉክክሩ እንዳስወጣው ወደ ታች እገልጻለሁ።

ወንድሜ ከአሜሪካ ሶኖስ ቢም ልላክልሽ ብሎኝ ነበር። በ2021 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ንግግር ላይ እጅግ ጎበዝ ነው፤ ዶልቢ አትሞስም ያነባል። ግን ሥራ ለማስጀመር ዋይፋይና የስልክ መተግበሪያ ይፈልጋል፣ ብሉቱዝም የለውም። በቤታችን ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ ነው፤ የእናቴ ዜና በዳታ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈለግሁም።

ስለ አትሞስ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አትሞስ ድምፅን ከላይም የሚመጣ አድርጎ የሚያሰማ አሠራር ነው፤ ሲኒማ ቤት የገባው በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ምንጩም አትሞስ መሆን አለበት። በኢትዮሳት በኩል በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ቻናሎች የሚያስተላልፉት ስቴሪዮ ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቻናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ቤታችንን የሞላው የትርጉም ድራማም ስቴሪዮ ነው። ለስቴሪዮ ምንጭ ተብሎ የአትሞስ ዋጋ መክፈል፣ ያውም በዚህ ጊዜ፣ አይታየኝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሳምንት በሳምንት ስለሚቀያየር የገዛሁበትን ብር እዚህ አልጽፍም፤ አንባቢውን ያሳስታል። በየሱቁ ተመሳሳይ ሞዴል ላይ የሰማሁት ልዩነት ሰፊ ስለነበር ብዙ በር ማንኳኳት ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ያማሃው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 6.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥናችን እግሮች መካከል ተመቻችቶ ገብቷል፤ ከፍታው ዝቅተኛ ስለሆነ የሪሞቱን መቀበያ ዓይን አይሸፍንም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በሜትር ለኩ፤ የአንዳንድ ቴሌቪዥን እግሮች መካከል ላይ ስለሚገናኙ ሳውንድባሩ ከፊት መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ መካከሉ ላይ ለቤዝ የተለየ ስፒከር አለው፤ ለብቻው የሚቀመጥ ሰብዉፈር የለውም። አራት የድምፅ ምርጫዎች አሉት፦ ስቴሪዮ፣ ስታንዳርድ፣ ሙቪና ጌም። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን «ክሊር ቮይስ» የምትባለው የሪሞቱ ቁልፍ ናት።

ይህችን ቁልፍ ሱቅ ውስጥ ስጫን ነው የወሰንኩት። በትርጉም ድራማው ላይ ከንግግሩ ሥር ቫዮሊን ነበር። ቁልፏ ስትጫን ቫዮሊኑ አልጠፋም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የተዋናይዋ ድምፅ ወደ ፊት መጣ፣ ግን አልሾለም። ይህ ወሳኝ ነው። በሌሎች የሞከርኳቸው ዕቃዎች ላይ ንግግርን የሚያጎላው ምርጫ ሰ እና ሸን ፉጨት ያደርጋቸው ነበር፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ለጊዜው ጥርት ያለ ይመስላል፣ ቆይቶ ግን ጆሮ ያቆስላል። እዚህ የሴቷም የወንዱም ዜና አንባቢ ድምፅ ተፈጥሯዊ ሆኖ ቀረ። በገናውም ነዘርታው እንዳለ ተሰማ፤ የወፍራሙ አውታር ድምፅ ግን በሙላት አልወረደም። ይህን ከዚህ መጠን ዕቃ መጠበቅ አይገባም።

ከእሱ የማይጠበቀውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ስክሪን የለውም፤ ድምፁ ስንት ላይ እንዳለ በቁጥር አያሳይም፣ በመብራቶች ነው የሚያመለክተው። ዋይፋይ የለውም፣ አትሞስም የለውም። ያለው አንድ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሲሆን እሱም ከቴሌቪዥኑ ድምፅ መቀበያ ነው፤ ሪሲቨርም ሆነ የጨዋታ መሣሪያ በእሱ በኩል አሳልፎ ወደ ቴሌቪዥን መላክ አይቻልም። ሁለት ኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚቀበል) መግቢያ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት 3.5 ሚሊ ሜትር መግቢያና ብሉቱዝ አለው። ሠርግ ላይ የሚያስጨፍር ዕቃ የሚፈልግ ሰው ወደ ሌላ ይሂድ።

ብዙ ቤት ሳውንድባር ተገዝቶ ጥቅሙ የሚበላሸው አገናኙ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ቴሌቪዥናችሁን ከጀርባው እዩ። ከኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹ በአንዱ ብቻ አጠገብ «አርክ» (ARC) ወይም «ኢ-አርክ» (eARC) የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ። አርክ በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ሲሆን ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ በዚያው ገመድ እንዲመለስ ያደርጋል። እኛ ቤት ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፤ የዲሹን ሪሲቨር ያሰረው ባለሙያ በአርኩ ላይ ሰክቶት ነበር። ሪሲቨሩን ወደ ሌላኛው አዛወርኩ፣ ሳውንድባሩን በአርኩ ላይ ሰካሁ። ይህን ሳያውቁ «ሳውንድባሩ አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች እንዳሉ ወጣቱ ሻጭ ነግሮኛል። ጽሑፉ የሌለበት ቴሌቪዥን ካላችሁ አርክ የለውም ማለት ነው፤ ያኔ ኦፕቲካል ተጠቀሙ።

ከዚያ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ሲኢሲ»ን (CEC) አብሩ። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። ይህ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ሳውንድባሩ አብሮ ይከፈታል፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞትም የሳውንድባሩን ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ኤችዲኤምአይ የሌለውን ዕቃ ከፉክክር ያስወጣሁት ለዚህ ነው። በኦፕቲካል ገመድ ድምፁ በጥራት ይሄዳል፣ ትእዛዙ ግን አብሮት አይሄድም፤ ሰውየው ሌላ ሪሞት መያዝ አለበት። የእናቴ እጅ የሪሲቨሩንና የቴሌቪዥኑን ሪሞት ለምዷል። ሦስተኛ ሪሞት ብጨምርባት ሳውንድባሩ ጠፍቶ ይውል ነበር፣ እሷም አትናገርም፤ እንደ ድሮዋ ትገምታለች። ለአረጋዊ ወላጅ የምትገዙ ሁሉ ከድምፁ ጥራት እኩል ይህን ተመልከቱ።

ብሉቱዝን ለቴሌቪዥን አትጠቀሙ። ድምፁ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ ተፈትቶ እስኪወጣ ይዘገያል። በትርጉም ድራማ ላይ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ለሌላ ቋንቋ ስለሆነ መዘግየቱ ብዙ አይታወቅም፤ ዜና ላይ ግን አንባቢዋ አፏን ከዘጋች በኋላ ቃሏ ይመጣል። ጆሮው ደከም ላለ ሰው ደግሞ ከንፈር ማየት የመስማት ግማሽ ነው። በገመድም ቢሆን ትንሽ መዘግየት ካያችሁ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ የድምፅ መዘግየት የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ይስተካከላል። ድምፅ ጨርሶ ካልወጣ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን «ፒሲኤም» (PCM፣ ያልተጨመቀ ድምፅ) ላይ አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል። የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር ማጥፋትም አትርሱ፤ ሁለቱ አብረው ሲናገሩ ያ የሸሸነው መደራረብ ይመለሳል።

መብራት። የእኛ መሥመር 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ዕቃ ከጀርባው «100–240 ቮልት» ካላለ፣ 120 ብቻ ካለ፣ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍታና ዝቅታ ኤሌክትሮኒክስ ይገድላል፤ እኛ ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ሳውንድባሩን በአንድ ዲቫይደር አድርገን ከስታቢላይዘር ጋር አገናኝተናል፤ መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ነቅለን እስኪረጋ እንጠብቃለን።

የአቀማመጡ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ለውጡ ግን ከሞዴል ልዩነት አያንስም። ሳውንድባሩን የብፌው መስታወት ውስጥ አታስገቡት። ከመደርደሪያው ፊት ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ኋላ ገባ ካለ ድምፁ የመደርደሪያውን ገጽ እየመታ ይመጣል። ዳንቴል አታልብሱት። እናቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም የለበሱት ነው። ዳንቴሉ የሚሸፍነው ያንኑ የምንፈልገውን ከፍተኛ ድግግሞሽ እንደሆነ ስነግራት ከሥሩ አነጠፈችው፤ እዚያ ምንም አይጎዳም፣ ሳጥኑ ከእንጨቱ ጋር እንዳይነዝር እንዲያውም ይረዳል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ መጨመር ደግሞ ሌላ ሳውንድባር ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል። ሳሎናችን ባዶ ሳለ የነበረው ማስተጋባት በምንጣፍ ብቻ ተቀንሷል።

ዛሬ እናቴ የሁለት ሰዓቱን ዜና የምትሰማበት የድምፅ መጠን ቀድሞ ከነበረው በጣም ያነሰ ነው። እኔ በጎን ክፍል የተማሪ ፈተና ሳርም አልረበሽም፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶችም በግድግዳ ላይ አያንኳኩም። ድራማዋን እስከ መጨረሻው ታያለች፤ በማግስቱም እኔ ያላየሁትን ክፍል፣ ማን ለማን ምን እንዳለ፣ ቃል በቃል ትተርክልኛለች። በጾም ወራት በስልኳ ያለውን የበገና መዝሙር በብሉቱዝ እከፍትላታለሁ፤ ሙዚቃ ላይ መዘግየት ችግር ስለሌለው ብሉቱዝ እዚህ ላይ ጥሩ ነው። ያኔ «ክሊር ቮይስ»ን አጥፍቼ «ስቴሪዮ» ላይ አደርገዋለሁ። ወንድሜ ኳስ ሊያይ ሲመጣ «ሙቪ» ላይ ያደርገዋል፤ የሜዳው ጩኸት ይሰፋል፣ አስተያየት ሰጪው ግን ይርቃል። ለኳስም ቢሆን እኔ «ስታንዳርድ»ን እመርጣለሁ፤ በዚህ አንስማማም።

ለማን አልመክረውም? ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ከቴሌቪዥኑ ከአምስት ሜትር በላይ ርቆ ለሚቀመጥ ሰው፣ ግቢ ቤት ኖሮት ፊልም በትልቁ ለሚያይ ቤተሰብ፣ ሳውንድባሩን ለሙዚቃ ብሎ ለሚገዛ። ለእነዚህ ሰብዉፈር ያለው ይሻላል፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሶኒው ወይም ጄቢኤሉ ይታይ። ቦዝ ቲቪ ስፒከር የተባለውም ከያማሃው ጋር የሚቀራረብ መጠን፣ አርክና ንግግርን የሚያጎላ ቁልፍ ያለው ነው፤ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁት በዚያው የዜናና የበገና ፈተና ፈትኑት።

የሥራ ባልደረባዬ አባቷ እንደ እናቴ ስለሆኑባት ዓይነቱን ንገሪኝና ልግዛ አለችኝ። ከሞዴሉ ስም በፊት ሌላ ነገር ነው የጠየቅኋት፦ «የአባባን ቴሌቪዥን ጀርባ በስልክሽ አንሺና ላኪልኝ፤ በእግሮቹ መካከል ያለውንም ርቀት ለኪው። አርክ የሚል ካለበት ቅዳሜ አብረን መርካቶ እንወርዳለን፤ አባባንም ይዘሻቸው ነይ፣ የሚሰሙት እሳቸው ናቸውና ይምረጡ።»